ጥያቄና መልስ፦ መብራት በማይጠፋበት ክፍል ያሉ እንስሳት

የዛሬው መልስ ሰጪያችን የአይጥና የሃምስተር የሰውነት ሰዓት ላይ ለዓመታት የሠሩ አባላችን ናቸው።

ሰላም፦ ጋሼ፣ መብራት 24 ሰዓት ሲበራ የአይጥ ሰዓት ይቆማል?

መልስ፦ አይቆምም። መጀመሪያ ይዘገያል። ትንሿ አይጥ ጨለማ ውስጥ ብትቆይ የሰውነት ሰዓቷ የሚቆጥረው ቀን ከ24 ሰዓት ትንሽ ያንሳል። መብራት ካልጠፋ ግን ከ25 ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ብርሃኑ በበረታ ቁጥር የሌሊት እንስሳት ቀን ይረዝማል፤ የሰውነት ሰዓት ተመራማሪው ዩርገን አሾፍ ያስተዋለው ነው። ሳምንታት ሲያልፉ መቼ እንደሮጠች የሚያሳየው የመሮጫ ጎማዋ መዝገብ ይዘበራረቃል። ያኔ ሰው ሁሉ «ሰዓቱ ሞተ» ይላል። አልሞተም! አንጎል ውስጥ ሰዓቱን የሚይዙት 20,000 ያህል ሕዋሳት እያንዳንዳቸው መቁጠራቸውን አላቆሙም። አብረው መቁጠር ነው ያቃታቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ይህን አሳይቷል። ሃምስተር ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። አንዳንዶቹ ላይ የሩጫው ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፣ በ12 ሰዓት ልዩነት። በአንጎል የቀኝ በኩል ያለው ሰዓት ቀን ሲል የግራው ሌሊት ይላል። ዛሬም ይገርመኛል።

ኪያ፦ ስንት ብርሃን ይበቃል?

መልስ፦ ለየትኛው እንስሳ? ነጭ ናት ጥቁር? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም። ሉክሱን፣ ማለትም የብርሃኑን መጠን፣ ኬጁ ውስጥ ለኩ። የላይኛውና የታችኛው መደርደሪያ አንድ አይደሉም።

ቶላ፦ ቢሾፍቱ ጫጩቶች ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይበራላቸዋል። ምን ሆኑ?

ሰላም፦ እሱ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ምግብና ውሃውን እስኪለምዱ።

ቶላ፦ ብርሃን ካለ ብዙ ይበላሉ፣ ቶሎ ያድጋሉ።

ሰላም፦ ዓይናቸውስ? ጨለማ ሳያይ የቆየ ጫጩት ዓይኑ ከልክ በላይ ያብጣል።

መልስ፦ የዶሮውን ገበያ ሌላ ቀን ተከራከሩ። ዓይኑ ላይ ግን ሰላም ልክ ናት። ነጭ አይጥም ኃይለኛ ብርሃን ላይ ከቆየች ሬቲናዋ (ብርሃን የሚቀበለው የዓይኗ የኋላ ክፍል) ይጎዳል። ለዚህ ነው ሉክስ ለኩ የምለው።

ማሙሽ፦ የፍራፍሬ ዝንብስ?

መልስ፦ ዝንብ የኔ መስክ አይደለም። ክሪፕቶክሮም የተባለው ብርሃን የሚለይ ፕሮቲን የተበላሸባቸው ዝንቦች በቋሚ ብርሃንም ሪትማቸውን (የቀን ዑደታቸውን) ይይዛሉ። ይሄው ነው።

ኪያ፦ ቀይ መብራትስ?

መልስ፦ ደብዛዛ ከሆነ ይሻላል። ጨለማ ግን አይደለም። እሱንም ለኩ።

ማሙሽ፦ ስለዚህ ብርሃን ሰዓቱን ይገድለዋል ማለት ነው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብቡ።

ሰላም፦ ጉዳቱ ይመለሳል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት አይጦች 24 ሳምንት በቋሚ ብርሃን ቆዩ። ጡንቻቸው ደከመ፣ አጥንታቸው ሳሳ። ሌሊቱ ሲመለስላቸው የአንጎላቸው ሪትም ቶሎ ተስተካከለ፣ ጤናቸውም አገገመ።

ኪያ፦ እና ለኔ ሙከራ ስንት ላድርገው?

መልስ፦ ኪያ፣ ዝርያዋን፣ ቀለሟንና ኬጁ ውስጥ የለካኸውን ሉክስ ጻፍልኝ። ከዚያ እናወራለን።