ለእንግዳ ሊያከራዩት ያሰቡት ቤት ካርታው በማን ስም ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ገርጂ ነው። እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሦስት ትርፍ ክፍሎች አሉኝ። ለገናና ለጥምቀት ከውጭ ለሚመጡ ሰዎች አድሼ በኤርቢኤንቢ (ቤትና ክፍል ለእንግዳ በሚከራይበት ድረ ገጽ) ለአጭር ጊዜ ላከራያቸው አስቤያለሁ። አሜሪካ ያለው ወንድሜም በስልክ ደስ ብሎት ተስማምቷል። ፈቃድ ያስፈልገኛል? ግብሩስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚመራው ኪራይ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የሚዋዋሉትና የሚያስመዘግቡት ነው። ሦስት ሌሊት አድሮ የሚሄድ መንገደኛ እንዲህ ዓይነት ተከራይ አይደለም፤ እርስዎ የሚሰጡት የእንግዳ ማረፊያ አገልግሎት ነው። ስለዚህ የንግድ ምዝገባ፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልጋሉ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የቤት ኪራይ በሠንጠረዥ «ለ»፣ የንግድ ገቢ በሠንጠረዥ «ሐ» ይታያል። አንሶላ እየተቀየረ፣ ቁርስ እየቀረበ የሚሠራ ቤት ወደ «ሐ» ያዘነብላል። የመጀመሪያውን እንግዳ ከመቀበልዎ በፊት ምድብዎን ከግብር ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ይጠይቁ። ክፍያውን ወንድምዎ አሜሪካ ባለው ሒሳቡ ቢቀበልልዎት እንኳ ገቢው የተገኘው እዚህ ካለ ቤት ነውና ግብሩ አይቀርም።

የጠየቁኝ ይኸው ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ያልጻፉት ነው።

«ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ» ብለዋል። ካርታው በማን ስም እንደሆነ አልነገሩኝም። እናትዎ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸው የወራሽነት ማስረጃ ስለማውጣትዎ አንዲት ቃል ከሌለች፣ ካርታው ዛሬም በእሳቸው ስም ነው ብዬ እገምታለሁ። ይቅር ይበሉኝና፣ ቤት መጠበቅ ባለቤት አያደርግም። ለንግድ ፈቃድ ሲያመለክቱ ገና ከመነሻው የሥራ ቦታዎን ማስረጃ ይጠየቃሉ፤ የሟች ስም ያለበት ካርታ ይዘው የት ይደርሳሉ?

ልጆች እኩል ይወርሳሉ። ውርሱ እስኪከፋፈል ድረስ ቤቱ የሁላችሁም ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የጋራ ንብረት የሚሰጠው ፍሬ እንደየድርሻ የሁሉም ሲሆን፣ ንብረቱ የተመደበበትን አገልግሎት ለመለወጥ ደግሞ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል። ቤተሰብ ሲኖርበት የኖረን ቤት የእንግዳ ማረፊያ ማድረግ በእኔ እምነት ከዚህ ውጭ አይሆንም።

«ወንድሜ ተስማምቷል እኮ» ይሉኛል። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። በስልክ የተስማማ ወንድም የተስማማው ገና ገንዘብ ሳይኖር ነው። ክረምቱ ሲወጣ ማስታወቂያዎን ስልኩ ላይ ይከፍታል፤ የአንዱን ሌሊት ዋጋ በሠላሳ፣ እሱን ደግሞ በሦስት ክፍል ያበዛል። ባዶ ያደሩትን ሌሊቶች፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ደመወዝ፣ ውሃ ሲጠፋ በቦቴ ያስመጡትን አይቆጥርም። እርስዎ ደግሞ እናታችሁን ያስታመሙባቸውን ዓመታትና ለእድሳት ያወጡትን ይቆጥራሉ። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ሁለታችሁም ወረቀት የላችሁም። እንዲህ ያሉ እህትና ወንድም ፍርድ ቤት መተላለፊያ ላይ ሰላም ሳይባባሉ ሲያልፉ አይቻለሁ። ማስፈረም መጠርጠር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ያየሁት ግን የተፈራረሙት ለለቅሶም ለሠርግም አብረው ሲቀመጡ ነው።

ሌላም ልጠይቅዎ። ስለ አባትዎ ምንም አላሉም። ቤቱ የሁለቱ የጋራ ሀብት ከነበረና አባትዎም አርፈው ከሆነ ግማሹ የእሳቸው ውርስ ነው፤ ከሌላ እናት የወለዱት ልጅ ካለ በዚያ ግማሽ ላይ ከእናንተ እኩል ድርሻ አለው። በቤተሰቡ ስሙ ስለማይነሳ ድርሻው አይጠፋም። ኑዛዜስ አለ? በሣጥን ውስጥ የቆየ ወረቀት ካለ አሁን ይውጣ፤ ክፍሎቹ ከታደሱ በኋላ ሲወጣ ጠቡ ይከፋል።

ስለዚህ አልጋና ፍራሽ ከመግዛትዎ በፊት የእናትዎን የሞት የምስክር ወረቀት፣ ካርታውን፣ የአባትዎንም ሰነድ ሰብስበው ጠበቃ ያማክሩ። የወራሽነት ማስረጃው ከከተማው ፍርድ ቤት ይወጣል፤ ስም ማዛወሩ ከዚያ ይከተላል። ጎን ለጎን በወራሾች መካከል ውል ይጻፍ፦ የእድሳቱ ወጪ ከገቢው አስቀድሞ ለማን እንደሚመለስ፣ ለእርስዎ ድካም ምን እንደሚታሰብ፣ ሒሳቡ በየስንት ወሩ እንደሚታይ፣ አንዳችሁ ይቅር ብትሉ ሥራው እንዴት እንደሚቆም። እስካሁን ያወጡት ካለ ደረሰኙን አይጣሉ።

ወንድምዎ ውክልና ከላከ በኤምባሲ መፈረሙ ብቻ አይበቃም። እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት መመዝገብ አለበት። ቃሉም «ቤቱን ታስተዳድር» ብሎ እንዳያበቃ፤ ለእንግዳ ማረፊያነት እንዲውል መፍቀዱ በግልጽ ይጻፍ። ረቂቁን ሳይልክ በፊት ጠበቃ ይየው፤ አንድ ቃል ስትጎድል ከባሕር ማዶ እንደገና ማስላክ ወራት ይፈጃል።

ሰነድ ሳላይ የሰጠሁት መልስ ስለሆነ በዚህ ብቻ ተነሥተው ምንም አይፈርሙ። ዛሬ ለወንድምዎ ሲደውሉ ግን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ የአሜሪካ ዜግነት ወስዷል? ወስዶ ከሆነ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አለው? በዚህ አገር የማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ያለው መብት በዚያ መልስ ይወሰናል፤ የምታዘጋጁት ውልም እንዲሁ።