ለተነል የተያዘ ባንድዊድዝ ትራፊኩን ለምን አይገድበውም?

ጠያቂያችን በሲስኮ ራውተሮች መካከል ባለ 100 ሜጋቢት መስመር ላይ 40 ሜጋቢት የተያዘለት የኤምፒኤልኤስ ትራፊክ ኢንጂነሪንግ ተነል (ትራፊክ በተመረጠለት መንገድ እንዲሄድ በራውተሮች መካከል የሚዘረጋ ምናባዊ መስመር) ሠርተዋል። ሆኖም ተነሉ 70 ሜጋቢት ያሳልፋል፤ ሌላ ባለ 40 ተነል ሲጨምሩ ደግሞ «60 ተርፎ ሳለ» አልነሳ (ዳውን) ብሎባቸዋል።

በተነሉ ሥር የሚጻፈው ቁጥር የመዝገብ ሒሳብ እንጂ ገደብ አይደለም። ባንድዊድዝ የሚያስይዘው ፕሮቶኮል አርኤስቪፒ በመንገዱ ላይ ያሉትን ራውተሮች ያን ያህል መጠን እንዲይዙለት ይጠይቃል፤ የተያዘው ከየመስመሩ ሒሳብ ይቀነሳል፤ ቀሪውንም የመንገድ መረጃ የሚያሠራጩት ፕሮቶኮሎች ኦኤስፒኤፍ ወይም አይኤስ-አይኤስ ለሌሎቹ ራውተሮች ያሳውቃል። ከዚያ በኋላ ተነሉ ከተያዘለት በላይ ቢያሳልፍ ትርፉን የሚጥል የለም።

የሁለተኛው ተነል ጉዳይ ያው ሒሳብ ነው። በኢንተርፌሱ (መስመሩ በሚገናኝበት የራውተሩ ፖርት) ላይ «አይፒ አርኤስቪፒ ባንድዊድዝ» የሚለው ትእዛዝ ያለ ቁጥር ከተጻፈ፣ የራውተሩ ሶፍትዌር ሲስኮ አይኦኤስ ለመያዣ የሚፈቅደው የመስመሩን 75 በመቶ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከ75 ላይ 40 ሲነሳ 35 ይቀራል፤ ይህም ለሁለተኛው 40 አይበቃም። (ሌላው የራውተር አምራች ጁኒፐር በነባሪው 100 በመቶ ስለሚፈቅድ ሁለቱ በተቀላቀሉበት ኔትወርክ ይህ ልዩነት ብዙ ያደናግራል።) የሁለቱም ተነሎች ቅድሚያ ነባሪው 7 (ዝቅተኛው ደረጃ) ከሆነ አዲሱ የቀድሞውን ማስለቀቅ አይችልም።

በዚሁ የኢንተርፌስ ትእዛዝ ላይ ቁጥሩን በኪሎቢት 90000 (90 ሜጋቢት) ብለው ቢጽፉ ሁለተኛው ተነል ይነሳል፤ እኔ ግን አሁኑኑ እንዲያደርጉት አልመክርም። የመጀመሪያው በተግባር 70 እያሳለፈ ሁለተኛው 40 ቢጨምርበት በ100 መስመር ላይ 110 ይጫናል፤ መዝገቡ ግን 80 ብቻ ስለሚል ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። አማራጭ መስመር ካለዎት የመጀመሪያውን ተነል መያዣ ወደ እውነተኛው 70 ያሳድጉት፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው በራሱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አማራጭ ከሌለ ደግሞ ትራፊኩ በሚገባበት ኢንተርፌስ ላይ የመጀመሪያውን ተነል ትራፊክ በኪው-ኦ-ኤስ (የትራፊክ ጥራት መቆጣጠሪያ) ፖሊሲ ወደ 40 ይገድቡት፤ የኢንተርፌሱን ቁጥር ወደ 90000 ከፍ የሚያደርጉት ከዚያ በኋላ ነው።

መያዣውን በእጅ መከታተል ከከበደዎት የተነሉን መያዣ በተለካው ትራፊክ መጠን ራሱ የሚያስተካክል አውቶ-ባንድዊድዝ አለ። ነባሪው በየ5 ደቂቃው እየለካ በየ24 ሰዓቱ ከፍተኛውን ልኬት ስለሚወስድ፣ ትራፊክዎ በቀን ውስጥ በጣም የሚዋዥቅ ከሆነ የማስተካከያውን ጊዜ ማሳጠር ይኖርብዎታል። ከዚያ በፊት ግን የኢንተርፌሱን የባንድዊድዝ ዋጋ ያረጋግጡ፤ ፖርቱ ጊጋቢት ሆኖ የተከራዩት መስመር 100 ብቻ ከሆነ፣ እርስዎ ካልነገሩት በቀር ራውተሩ 75 በመቶውን የሚያሰላው ከ1000 ላይ ነው።