ግቢው ታጥሯል አትበለኝ፤ የሚታጠረው ገንዳው ነው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼው እንቅልፍ ነሳኝ። «አዳማ ቦኩ በኩል ነን። ጓሮ ላይ 4 በ 8 የሆነ መዋኛ ገንዳ ልናሠራ ነው። የ2 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉን። ግቢው በግንብ ስለታጠረ ሌላ አጥር ያስፈልጋል ወይ? ደንቡስ ምን ይላል?» ነው ያልከው። ከስር የመለሱልህን ሁሉ አነበብኩ። አንዱ የሴራሚክ ቀለም ይመርጥልሃል። አንዱ ስለ ፓምፕ ዋጋ ያወራል። «ግንብ ካለህ በቂ ነው» ያለህ ሰውዬ ደግሞ ከሁሉም በላይ ላይክ አግኝቷል። እኔም በ2014 ልክ እንደሱ ነበር የማስበው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ፤ ቡናህን ይዘህ አንብብ።

የእኔም ገንዳ እንደ አንተው 4 በ 8 ነው። ጥልቀቱ ከ90 ሳንቲም ጀምሮ 1.60 ይደርሳል። ለመሙላት ወደ 40 ሺህ ሊትር ይፈልጋል። የቧንቧ ፈረቃ ስለማይበቃው በቦቴ ነው ያስሞላሁት። ኮንትራክተር አልያዝኩም፤ ግምበኛውንም በያጁንም ራሴ ቀጥሬ፣ ሲሚንቶውን ራሴ ቆጥሬ ነው ያሠራሁት። ይሄን የምነግርህ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

1. የግቢ ግንብ የገንዳ አጥር አይደለም። ግንብ የሚሠራው ለሌባ ነው። አንተ መፍራት ያለብህ ከሳሎን በካልሲ የሚወጣውን ነው። እሱን ግንቡ አያቆመውም፤ እንዲያውም «ግቢ ውስጥ ነው ያለው» ብለህ እንድትዘናጋ ያደርግሃል።

ይሄ ሥራው ሲጀመር ለእኔም ገብቶኝ ነበር እኮ! አጥር አሠርቻለሁ። ግን በሦስት ጎን ብቻ። አራተኛው ጎን የቤቱ የጀርባ ግድግዳ ሆነ። በያጁ «እትዬ፣ ግድግዳ እያለ ብረት ማባከን ምን ያደርጋል?» አለኝ። አሥር ሜትር ብረት ተረፈልኝ። 30 ሺህ ብር አተረፍኩ ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። እዚያ ግድግዳ ላይ የኩሽና በር አለ።

የዳግማዊ ትንሣኤ እሁድ ወንድሜ ከነቤተሰቡ ከአዲስ አበባ መጣ። ቀኑ የውሃ ፈረቃችን ስለነበር ሠራተኛዬ ከጓሮው ቧንቧ እየቀዳች ወደ ኩሽና ታስገባለች። የአዳማን ነፋስ ታውቀዋለህ። በር ከፍተህ ከተውከው መጥቶ ጓ! ያደርገዋል። ልጅቷ ታዲያ እዚህ አገር ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረገች። አንዱን ሙሉ ጀሪካን በሩ ላይ አስደገፈች። ቢጫ፣ ሃያ ሊትር።

እኛ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ነን። ሰባት ትልልቅ ሰው። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነው። ጨዋታው ደርቷል። የወንድሜ ትልቋ ልጅ ፈንዲሻዋን እየቃመች «ማሙሽ የታለ?» አለች። እንደ ዋዛ ነው ያለችው። ወንድሜ «ውስጥ ነው» አላት፣ ዞር እንኳ ሳይል። እኔ ስኒዬን ላስቀምጥ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከሰዓቱን ሙሉ ያ የኩሽና በር አንዴም አልጮኸም። ነፋሱ ግን የበረንዳውን መጋረጃ እየገለበጠው ነው።

ሮጬ ስደርስ በሆዱ ተንሳፍፏል። ሰማያዊ ሹራቡ አየር ይዞ ጀርባው ላይ እንደ ፊኛ ተነፍቷል። አንድ ጫማው ደረጃው ላይ ቀርቷል። ሦስት ዓመቱ ነበር። ሲገባ አልጮኸም፤ ውሃው ሲንቦጫረቅም ማንም አልሰማም። ሰው ሲሰጥም በፊልም እንደምናየው እጁን እያወናጨፈ «ድረሱልኝ» የሚል ይመስለን ነበር። ሕፃን ልጅ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ሠራተኛዬ በአሥር ሜትር ርቀት ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ጀሪካን እየሞላች ነበር። እሷ ላይ አልፈርድም፤ ሦስት ጎን ያጠርኩት እኔ ነኝ።

ከነሐበሻ ቀሚሴ ገባሁ። ሳወጣው ወንድሜ ተቀብሎኝ በእግሩ ዘቅዝቆ ሊያራግፈው ሲል ሚስቱ ነጠቀችው። ነርስ ናት፣ እግዜር ይስጣት። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በጀርባው አስተኛችው፣ አገጩን ቀና አደረገች፣ አፍንጫውን ይዛ አፉን በአፏ ገጥማ አምስት ጊዜ ተነፈሰችለት። አራተኛው ላይ ይሁን አምስተኛው ላይ እንጃ፣ አሳለው። ውሃውን ከበላው ድፎ ዳቦ ጋር አስታወከው። ሆስፒታል ወሰድነው፣ ለክትትል አሳደሩት፣ በማግስቱ ወጣ። ዛሬ ዩኬጂ ነው፤ ቤቱን ይበጠብጣል።

ዘቅዝቆ ማራገፍ የሚባለውን ነገር እርሳው። ጊዜ ይበላል እንጂ ሳንባ ውስጥ የገባውን አያወጣም። ልጁ የሚፈልገው አየር ነው፣ ቶሎ። ከዚያ በኋላም የማይነቃ ከሆነ ደረቱን መጫን አለ። 30 ጊዜ ደረት፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ፣ እርዳታ እስኪደርስ። ይሄን ግን ከእኔ ጽሑፍ አትማር፣ ከሚያሠለጥን ሰው ተማር። አንተም፣ ባለቤትህም፣ ሠራተኛችሁም። ልጁ ቢነቃም «ደህና ነው» ብለህ እቤት አታስቀረው፤ የመተንፈስ ችግሩ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ኋላ ሳነብ ነው የነደደኝ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ይሄን ጉዳይ ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። ገንዳውን ከቤቱ ጭምር የሚለይ ባለ አራት ጎን አጥር፣ ግቢውን ብቻ ከሚያጥረው ጋር ሲወዳደር፣ ልጆች የመስጠም አደጋቸውን ከ80 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ያ 30 ሺህ ብር የት እንደገባ አየህልኝ?

ደንቡስ ላልከው። ፈቃድ ልጠይቅ የሄድኩበትን ቢሮ ስም አልጠራም። ፎርሙ በኦሮምኛ ነው፤ የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ስለሆነ ጎረቤቴ ሞላልኝ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ምንድነው?» አለ። «መዋኛ ገንዳ።» «የውሃ ማጠራቀሚያ በይው።» «አይ፣ ሰው የሚዋኝበት ነው» ስለው «እናቴ፣ መዋኛ የሚል ቦታ እዚህ ላይ የለም» ብሎ ወረቀቱን ገፋልኝ። ስለዚህ በወረቀት የእኔ ገንዳ እስከ ዛሬ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ሴራሚክ የተነጠፈበት፣ መሰላል ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ።

አጥር ይኖረዋል ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። የጎረቤት ወሰን ጠየቁ። የሚቆፈረው አፈር የት እንደሚደፋ ጠየቁ። አፈሩ በር ላይ ሁለት ቀን ስላደረ መጥተው ሥራ አስቆሙኝ። ሐምሌ ነበር። 1.80 የጠለቀ ጉድጓድ ሦስት ሳምንት አፉን ከፍቶ ቆየ። ዝናብ ሞላው፣ ውሃው ሻይ በወተት መሰለ። ሊቀጡኝ የመጡት ሁለት ሰዎች አፋፉ ላይ ቆመው ስለ አፈሩ ሲቆጡኝ አንዱ እንዳይንሸራተት ክንዱን የያዝኩት እኔ ነኝ! ጉድጓዱን ግን ማንም ነገሬ አላለውም። አንተ ቁፋሮ የጀመርክ ዕለት ማታውኑ ጊዜያዊ አጥር አቁም። ቆርቆሮም ቢሆን። ከተቻለ ደግሞ ከክረምቱ በፊት ጨርስ።

2. ልኬቱን ከቢሮ አትጠብቅ። እኔ ያገኘሁት ሜልቦርን ካለችው እህቴ ነው። እዚያ ገንዳ ያለው ሰው ማዘጋጃ ቤት ያስመዘግባል፣ አጥሩም በየአራት ዓመቱ ይመረመራል። ስትነግረኝ አልቅሼም ስቄም ነበር። የአውስትራሊያ ሕግ ከ30 ሳንቲም በላይ ውሃ ለሚይዝ ገንዳ ሁሉ አጥር ይጠይቃል፤ በአየር የሚነፋውን የልጆች ገንዳ ጨምሮ። የአጥሩ ቁመት ከ1.20 አያንስም። ከመሬት እስከ አጥሩ ግርጌም ሆነ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲም አይበልጥም፤ የሕፃን ጭንቅላት ማሳለፍ የለበትም። በአጥሩ አጠገብ 90 ሳንቲም ድረስ ልጅ የሚወጣበት ነገር አይቀመጥም።

3. እዚህ ጋ በያጅህ ይጣላሃል። እሱ የሚያውቀው የበረንዳ ብረት ነው። መሃል ላይ አግድም ብረት ያስገባልሃል፣ አበባ ይጠማዝዝልሃል፣ «ዲዛይን ነው» ይልሃል። ለአምስት ዓመት ልጅ ያ ዲዛይን መሰላል ነው። ብረቱ ቋሚ ይሁን። አግድሙ ከላይና ከታች ብቻ፣ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 90 ሳንቲም ርቀት። የእኔ የመጀመሪያው አጥር አበባ ነበረው። ሁለት ረድፍ! ነቅዬ በኪሎ ሸጥኩት። ቆራሌው ሲጭነው «ሲያምር» አለኝ።

ላሜራም አትሸፍነው። አንደኛ፣ ውስጡን ማየት አለብህ፤ ከኩሽና መስኮት ቀና ስትል ውሃው መታየት አለበት። ሁለተኛ፣ የአዳማ ነፋስ። ከተራራው ላይ እነዚያን ሁሉ የነፋስ ተርባይኖች የተከሉት ለጌጥ አይደለም። አንዱ ጎረቤታችን ግቢውን በላሜራ ከፍሎ አንድ የካቲት አልፈጀበትም፤ ከነምሰሶው ተኛ።

በሩ ላይ አትቆጥብ። ዋናው እሱ ነው። የሚከፈተው ከገንዳው ወደ ውጭ ነው፤ ልጅ ተደግፎ ቢገፋው ይዘጋል እንጂ አይከፈትም። ስፕሪንግ ያለው ማጠፊያ ይኑረው፣ ራሱ ይዘጋ፣ መቀርቀሪያው ራሱ ይያዝ። የመቀርቀሪያው መክፈቻ ከመሬት 1.50 ላይ ይሁን። ስትሞክረው ወለል አድርገህ አትልቀቀው፣ ያኔማ ሁሉም በር ይዘጋል። ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍተህ ልቀቀው። እዚያ ላይ ነው ስፕሪንጉ የሚያሳፍርህ። የእኛ አገር አቧራ ማጠፊያው ውስጥ ስለሚገባ በወር አንዴ አጥቤ ግሪስ እቀባዋለሁ። በሩን በድንጋይም በጀሪካንም የሚያስደግፍ ሰው ካየሁ እንግዳም ቢሆን አስወጣለሁ። አንድ የአጎቴን ልጅ አስወጥቻለሁ። አኩርፏል፣ ለሰርጉም አልጠራኝም።

ቁጥሩ ጠፋብኝ፣ ስንት ላይ ነበርን? ብቻ ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ወለሉ ላይ ያለው የፓምፑ መምጠጫ ክዳኑ ከተሰበረ ወይም ከላላ ማንም አይግባ፤ ፀጉር ይዞ ያስቀራል። የሴት ልጆችን ፀጉር እሰር። ዋና ሲያበቃ ኳሱንም አሻንጉሊቱንም ከውሃው አውጣ፤ ልጅ የሚመለሰው ለኳሱ ነው። ክንድ ላይ የሚነፋው ፕላስቲክ መጫወቻ ነው፣ እሱን አምነህ ስልክ እንዳታነሳ። የምድር ውሃ ታንከርህ ክዳንም ቁልፍ ይኑረው። ክሎሪኑን ደግሞ ከልጅ አርቀህ ቆልፍበት።

እንግዳ ሲበዛ ደግሞ ሁሉም ያየ እየመሰለው ማንም አያይም። ሰባት ሰው ነበርን ብዬሃለሁ። አሁን ቀይ ኮፍያ አለን። ኮፍያውን ያደረገ ሰው ቡናም አይጠጣ፣ ስልክም አይነካ፣ ዓይኑን ከውሃው አያንሳ። ሩብ ሰዓት ሲሞላው ለሌላው ያስረክባል። መጀመሪያ ሳቁብኝ። አሁን ልጆቹ ራሳቸው «ኮፍያው ማን ላይ ነው?» ሳይሉ አይገቡም።

አዲሱ አጥር በአራቱም ጎን ዞሮ ከኩሽናው በር ፊት አንድ ሜትር ራቅ ብሎ ያልፋል። ከኩሽና የሚወጣ ሰው ብረት ነው የሚያገኘው። የሠራው ሌላ በያጅ ነው፣ ወጣት ልጅ፣ ሜትር ይዞ የሚሠራ። ስልኩን ከፈለግክ በውስጥ መስመር ጠይቀኝ። የመጨረሻውን ክፍያ ግን ዝም ብዬ አልሰጠሁትም። የጎረቤቴን የአምስት ዓመት ልጅ ጠራሁት፤ ሰፈራችን ውስጥ ያልወጣበት ዛፍ የለም። እናቱ አጠገቤ ቆማለች፣ እኔ በውስጥ በኩል ቆሜያለሁ። «ይሄን አጥር ከዘለልክ ብስኩት አለህ» አልኩት።

በያጁ ላብ በላብ ሆነ። ልጁ ጫማውን አወለቀ። ብረቱን ይዞ ሞከረ፣ ተንሸራተተ። በሩን ነቀነቀ። ጭንቅላቱን ሊያስገባ ሞከረ፣ እምቢ አለው። መቀርቀሪያውን ዘለል ዘለል ብሎ አየው፣ አልደረሰበትም። ተስፋ ቆርጦ ተቀመጠና ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ በረንዳውን አይቶ ብድግ አለ።

«እትዬ፣ ያንን ወንበር ላምጣ?»