ለኤሊ፣ ለአህያ ወይስ ለመጽሐፍ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ለበጎ አድራጎት የምናስቀምጣት ገንዘብ አለች፤ ዘንድሮ 600 ዶላር ደርሳለች። ልጆቹ ይምረጡ ብንል ቤቱ ተረበሸ። ትልቋ «አገር ቤት ላሉ ልጆች መጽሐፍ» ትላለች። መካከለኛው ከባሕር ኤሊ ወይ ፍንክች ብሏል። ትንሿ ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን አያቷ ዘንድ ሄዳ ጀርባዋ የቆሰለ አህያ አይታለች፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። እናቴ ደግሞ በስልክ «ሰው ሳይጠግብ ለኤሊ?» ብላ ተቆጣች። ለማን እንስጥ? ገንዘቡ ለታሰበለት ነገር መዋሉንስ በምን እናውቃለን?

የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ «ጋሼ» ካልሽኝ እኔም «አንቺ» ልበልሽ። ዕድሜዬን የጨረስኩት የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ሒሳብ ስሠራ ነው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላ ቨርጂንያ። ስለዚህ ከሚያምረው ፎቶ በፊት ደረሰኙን ነው የምፈልገው።

ከትንሿ ልጀምር። የእናትሽም መልስ እዚያው አለ። ውሃው፣ እንጨቱ፣ እህሉ፣ ለግንባታ የሚሆነው አሸዋ ሳይቀር በአህያ ጀርባ ነው የሚሄደው። በአህያ ብዛት አገራችን ከዓለም ቀዳሚ ናት። አህያዋ ከተጎዳች ጄሪካኑን የምትሸከመው ሴቲቱ ናት፤ ሴት ልጇም ከትምህርት ቤት ቀርታ ታግዛታለች። ለአህያ የሰጠሽው ለሰው ነው የምልሽ ለዚህ ነው።

ልጅሽ ያየችው ገጣባ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጭነቱ ሥር ጀርባዋ ላይ ከሚደረገው ኩርታን ነው። ወይ ጨርሶ የለም፣ ወይ ሳስቷል፣ ወይ በናይሎን ገመድ ታስሮ ቆዳዋን ሲፍቃት ይውላል። ቁስሉ ሳይድን ደግሞ በነጋታው እንደገና ትጫናለች። መድኃኒት ቀብቶ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው። ደህና ድርጅት ባለቤቱን ኩርታን አሠራር ያስተምራል፣ የአካባቢውን የእንስሳት ሐኪም ያሠለጥናል። ከድርጅቶቹ አንዱን ስታዪ መጀመሪያ ይህንን ፈልጊ።

አገር ቤት ከሚሠሩት ሁለቱን ልጥቀስ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ዘ ዶንኪ ሳንክቹዋሪን ኤሊዛቤት ስቬንድሰን የምትባል ሴት በ1969 እንግሊዝ ውስጥ መሠረተችው። ብሩክ ደግሞ በ1934 ካይሮ ላይ የተጀመረ ነው። ዶሮቲ ብሩክ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግብፅ ውስጥ የተሸጡ የእንግሊዝ ጦር ፈረሶች አርጅተውና አጥንታቸው ወጥቶ ጋሪ ሲጎትቱ አይታ ነው የተነሣችው። ብሩክ ዩኤስኤ የሚባለው ክንፉ ኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን ስለሆነ ደረሰኙ ለግብርሽ ይሠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራው ብቻ ይዋልልኝ ብለሽ መጠየቅም ትችያለሽ።

ለትንሿ ይህንንም ንገሪያት። የአህያ ቆዳ ተቀቅሎ «ኢጂያኦ» ለሚባል የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ይውላል። ለዚሁ ቢሾፍቱ ተከፍቶ የነበረ ቄራ ሕዝቡ ጮኾ በ2017 ተዘጋ። በ2024 የካቲት ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ማረድን ከለከሉ። ከልካዩ ብዙ ነው፤ ኮንትሮባንዱን የሚያቆም ግን እንጃ።

ወደ ኤሊው። አገራችን ባሕር የላትም፤ ልጅሽ ግን ባሕር አጠገብ ነው የሚያድገው። ገንዘቡን ለሦስት ብትከፍዪው እንኳ ትልልቆቹ የባሕር ድርጅቶች ጋ 200 ዶላርሽ ድምፁም አይሰማም። ባልቲሞር ያለው ናሽናል አኳሪየም ግን ከእናንተ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ለትርፍ የማይሠራ ተቋም ነው፤ የታመሙ የባሕር ኤሊዎችን ያክማል። በየመጸው ማብቂያ፣ እነሱ «ፎል» በሚሉት ወቅት፣ ማሳቹሴትስ ኬፕ ኮድ ላይ ኤሊዎች ይያዛሉ። ባሕረ ሰላጤው እንደ መንጠቆ የታጠፈ ስለሆነ ወደ ደቡብ መውጫው ይጠፋባቸዋል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ደማቸውም አብሮ ይቀዘቅዝና መንቀሳቀስ አቅቷቸው ማዕበሉ ዳር ይተፋቸዋል። በጎ ፈቃደኞች ለቅመው፣ የግል አብራሪዎች በትናንሽ አውሮፕላን ጭነው ለየሐኪም ቤቱ ያደርሷቸዋል። ባልቲሞር ከተቀባዮቹ አንዱ ነው። ለልጁ 100 ዶላርና አንድ ቅዳሜ ስጪው፤ የገንዘቡን መድረሻ በዓይኑ ያያል።

በጉልበት ላግዝ ካለ ደግሞ ቼሳፒክ የሚባለው ባሕረ ሰላጤ አለ። ኦይስተር የሚባለው ባለ ዛጎል አንዱ ብቻ በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ ያጣራል። የሜሪላንድ ሰዎች ጫጩቶቹን በሽቦ ቅርጫት ከመርከብ ማቆሚያቸው ሥር አንጠልጥለው አሳድገው ለባሕሩ ይመልሳሉ። ቼሳፒክ ቤይ ፋውንዴሽን ለዚህ በጎ ፈቃደኛ ይቀበላል።

የትልቋ ጉዳይ ለኔ ከሁሉም ይከብዳል። በ2010 በተደረገ የንባብ ፈተና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ሲሦው ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ላይብረሪ ባልደረባ የነበረው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አገሩ ተመልሶ በ2003 አዲስ አበባ፣ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ኢትዮጵያ ሪድስ ከሚባለው ድርጅት መሥራቾች አንዱ ነው። ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ የሚያዞረው ጋሪ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ነበር፤ ሁለቱን ሴቶች ያስታርቅልሽ ይሆናል። አገር ቤት የተመዘገበው ኮድ ኢትዮጵያም የገጠር ቤተ መጻሕፍትን ይረዳል፣ የልጆች መጽሐፍም ያሳትማል። ለአገር ቤት ድርጅት በቀጥታ የላክሽው ግን አሜሪካ ውስጥ ከግብር አይቀነስም።

አሁን ወደ ደረሰኙ። አሜሪካ የተመዘገበ ድርጅት «ፎርም 990» ያስገባል፤ የግብር መሥሪያ ቤቱ የአይ አር ኤስ ድረ ገጽ ላይ በስሙ ፈልገሽ በነፃ ታነቢያለሽ። የኃላፊዎቹ ደመወዝ አለበት። ወጪውም ለሥራው፣ ለአስተዳደርና ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ተብሎ ተከፍሏል። አስተዳደሩ ዜሮ ነው የሚል ካየሽ አትደሰቺ። አንድ ሰው ሒሳብ ሳይሠራ መጽሐፍ ገጠር አይደርስም፤ ወጪው ሌላ መስመር ውስጥ ተደብቋል ማለት ነው። የኛ ሰፈር ማኅበራት ግን አብዛኞቹ የዓመት ገቢያቸው ከ50,000 ዶላር በታች ስለሆነ የሚያስገቡት አጭሯን ቅጽ ነው። እሷ ላይ ወጪ የሚባል ነገር የለም። እዚያ ያለው መፍትሔ ገንዘብ ያዡን ደውሎ መጠየቅ ነው። ከተቆጣ ተይው። ጎፈንድሚ በሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ለግለሰብ የሚሰጥም ከግብር አይቀነስም። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ በአንዴ ከሰጠሽ የድርጅቱን ደብዳቤ ያዢ። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ ለግብር ዝርዝር ወጪ የማያቀርብ ሰውም በዕቃ ሳይሆን በገንዘብ የሰጠውን እስከ 1,000፣ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር መቀነስ ይችላል።

እኔ ብሆን ለመጽሐፍ 250፣ ለአህያ 250፣ ለኤሊው 100።

ጥያቄ፦ ማኅበራችን ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ያገለገሉ የእንግሊዝኛ የልጆች መጻሕፍት በካርቶን ሰብስቧል። በመርከብ እንላካቸው ወይ?

ከዳላስ

መልስ፦ አይ። አገር ቤት ትንንሾቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው የሚማሩት፤ ከ1994 (በፈረንጅ) የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ እንዲህ ነው። የሃሎዊን ዱባ ታሪክ የ1ኛ ክፍል ልጅ ምን ይሁነው? ለመርከቡና ለጉምሩኩ ባሰባችሁት ገንዘብ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የታተሙ መጻሕፍት እዚያው ይገዛላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት መምህራኑን ጠይቁ፤ አንዳንዱ ትምህርት ቤት የቸገረው መጽሐፍ ሳይሆን መደርደሪያና ቁልፉን የሚይዝ ሰው ነው። የሰበሰባችሁትን ለዳላስ ላይብረሪ ስጡት።