መልስ፦ በጉዞ ላይ የትኛውን የዱር እንስሳት ጉብኝት ልምረጥ?

ሰላም ወንድሜ፣ በጉዞህ መሀል ለአንድ የዱር እንስሳት ጉብኝት ብቻ ጊዜ እንዳለህ፣ በመኪና ይሁን በጀልባ መወሰን እንዳቃተህ ጽፈሃል። እኔ ጀልባውን እመርጣለሁ። በደረቅ ወራት እንስሳት ውሃ ፍለጋ ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ቦትስዋና ውስጥ ቾቤ ወንዝ ላይ ቀስ ብሎ በሚሄድ ጀልባ ከወጣህ ዝሆኖች ሲጠጡ፣ አንዳንዴም ሲዋኙ ታያለህ። አቧራ የለም፣ መንገጫገጭ የለም። ሞተሩ ሲጠፋ የወፎቹ ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ያለውን ያዝ፤ ብርሃኑ ለፎቶ ግሩም ነው።

የመኪና ሳፋሪም የራሱ ጊዜ አለው። ኬንያ ማሳይ ማራ የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራ ላይ የዊልደቢስት (በሬ የሚመስል ትልቅ የዱር ሣር በል እንስሳ) መንጋ ወንዝ ሲሻገር ለማየት ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጥሩ ነው። ግን የሚሻገሩበትን ቀን ማንም ሊነግርህ አይችልም። ያለህ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ አልመክርህም።

በእግር መሄድ ከወደድክ የኡጋንዳ ብዊንዲ ደን ጎሪላዎች አሉ። ፈቃዱ ቀድሞ ይያዛል። በመደበኛው ጉብኝት ቡድኑ ከ8 ሰው አይበልጥም፣ ከጎሪላዎቹ ጋር የሚቆየውም 1 ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ጥብቅነት እደግፋለሁ። የሰው ጉንፋን ወደ ጎሪላ ይተላለፋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ካሳለህ እባክህ አትሂድ።

አደራ፣ እንስሳ አቅፈህ ፎቶ እንድትነሳ ወይም ዝሆን እንድትጋልብ የሚጋብዝህን እለፈው። ከመክፈልህ በፊት አስጎብኚውን «ከእንስሳቱ ምን ያህል ትርቃላችሁ?» ብለህ ጠይቀው። ጥርት ያለ መልስ ከሌለው ሌላ ፈልግ።