ስለ አሸዋው ዳር ግንባታ ኢንጂነሩን ጠይቁ

ድሬዳዋን አቋርጦ በሚያልፈው ደረቅ ወንዝ፣ በደቻቱ አሸዋ ዳር ሊሠሩ ስለታሰቡት የመኖሪያና የንግድ ሕንፃዎች ጥያቄ ያላችሁ ዛሬ ማታ ጠይቁኝ። ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት ውሃና ፍሳሽ ላይ ነው፤ ጠበቃ አይደለሁም። ከሁሉ በፊት ግን፦ ማንኛውም ደብዳቤ ሲደርሳችሁ የተቀበላችሁበትን ቀን ሳትጽፉ አትፈርሙ።

የገንደቆሬ ልጅ፦ ኢንጂነር እንደምን አመሹ? ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ ግንብ ተሠርቶ የለ እንዴ? ታዲያ አሁን ምን ያሰጋል?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ያ ሐምሌ ከ250 በላይ ሰው ወሰደብን። ከዚያ ወዲህ ግንቡም ጋቢዮኑም (ድንጋይ የተሞላው የሽቦ ሳጥን) ተሠርቷል፣ እውነት ነው። ግን ግንብ የሚሠራው ለተወሰነ የውሃ መጠን ነው። አንድ ሄክታር ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ 400 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢጫን 40 ቦቴ ይሞላል። መሬቱ አሸዋ ከሆነ ብዙው ይሰርጋል። ጣሪያና አስፋልት ካለበሳችሁት አብዛኛው ይፈሳል፣ ያውም ባንዴ። ይሄ ገና የግቢው ውሃ ነው። ከበላያችን ደንገጎ ተራራ ላይ የጣለው ደግሞ ድሬ ጠብታ ሳይወርድ ከተፍ እንደሚል ለናንተ አይነገርም። አልሚው ግቢውን ለማዳን በራሱ በኩል ደልድሎ ከፍ ካደረገ አሸዋው ይጠባል፣ ውሃው ወደ ማዶ ይገፋል። እነሱ የሚያስረዱን ሕንፃው እንደማይፈርስ ነው። እኔ የምጠይቀው ማዶ ስላለው ሰው ነው።

ነምበር ዋን፦ አልሚዎቹ በስብሰባው «ለ100 ዓመት ጎርፍ ተሰልቷል» ብለዋል። 100 ዓመት ካለን ምን አስጨነቀን?

መልስ፦ ወይ ጉድ! 100 ዓመት ቆይቶ ይመጣል ማለት አይደለም። በያንዳንዱ ዓመት ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው። 30 ዓመት ብትኖርበት፣ የመምጣት ዕድሉ ከአራት አንድ ገደማ ይሆናል። የቤት ብድርህን ከፍለህ ሳትጨርስ ማለት ነው።

መጋላ፦ ከቦታው ከተነሳን ካሳው በካሬ ስንት ነው?

መልስ፦ ገማች አይደለሁም። ለመሬቱ ለራሱ አይከፈልም፤ የሚገመተው ቤቱና ንብረቱ ነው።

የቀፊራ እናት፦ የኔ ልጅ፣ እኛ የቀበሌ ቤት ነን። እኛስ ወዴት ልንሆን ነው?

መልስ፦ እማማ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ ሲነሳ ምትክ የኪራይ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ይሰጠዋል። የኪራይ ውልዎንና ደረሰኞችዎን አንድ ላይ ያስቀምጡ። ደብዳቤ ከመጣ ልጆቹ ቀን ሳይጽፉ እንዳይፈርሙ ይንገሯቸው።

ሳቢያን፦ አብሽሩ እንጂ ጎበዝ! ድሬ ራሷ በ1895 በባቡር የመጣች ከተማ ናት። ያኔ እንዲህ ቢባል ኖሮ የከዚራ ሰፈርስ ትኖር ነበር? ወጣቱ ሥራ ይፈልጋል።

ከዚራ፦ የስንት ወር ሥራ? ሲሚንቶ ተሸክመህ ስትጨርስ ሱቁን ትከራየዋለህ?

ሳቢያን፦ አንተማ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠህ ነው የምታወራው፣ ምን ቸገረህ።

ታይዋን፦ ለነባር ነጋዴ ሱቅ በቅድሚያ ይሰጣል ተብሏል እኮ።

ከዚራ፦ ማን አለ?

ታይዋን፦ ሁሉም ይላል።

መልስ፦ «ሁሉም ይላል» ማኅተም የለውም፣ ታይዋን። ሳቢያን፣ የሌላው ይቅርና አንተ ለምን እንደማትሰጋ ነው ያልገባኝ። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ዋናዎቹ ጉድጓዶችም ያንተው ሰፈር ሳቢያን ናቸው። ውሃቸው ላይ ናይትሬት (ሲበዛ ጤና የሚጎዳ ንጥረ ነገር) መብዛቱ በጥናት ታይቷል፣ አንዱ ምክንያትም ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚሰርገው ነው። ታዲያ ይሄ ሁሉ አፓርታማ ፍሳሹን የት ሊያደርስ ነው? ማጣሪያ አለው ወይስ ሴፕቲክ ታንክ ቀብረው ሊሄዱ? አሸዋው እኮ ወደ ታች ያሰርጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995 ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብ ያዛል። «ፎቅ አንፈልግም» እያላችሁ ከምትጮኹ ሪፖርቱን በማመልከቻ ጠይቁ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጋችሁ ኮፒው ላይ ቁጥርና ማኅተም አስመቱ። እኔ ፎቅ አልጠላም። የጠላሁት ቦታውን ነው።

ለገሀሬ፦ ልቀቁ ብንባልስ የት ነው አቤት የምንለው?

መልስ፦ በአዋጅ 1161/2011 ትእዛዙ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ታመለክታላችሁ። አዋጁ በ2016 ተሻሽሏልና የድሮ ኮፒ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ ጠበቃ አማክሩ። ቀን ጻፉ እያልኩ የምጮኸውም ለዚህ ነው። ካልጻፋችሁ 30ው ቀን መቼ እንደጀመረ የሚነግራችሁ ቢሮው ይሆናል።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። ስለ ፕሮጀክቱ በአጠቃላይ ምን ያስባሉ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

አዲስ ከተማ፦ ካሳው በካሬ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አለ?

መልስ፦ ኧረ በአላህ! መጋላ ጠይቆ መልሻለሁ።

የድሬ ልጅ ከውጭ፦ ጋሼ፣ ባለ ሁለት መኝታ ልይዝ ነበር። ቅድመ ክፍያውን ልላክ ወይስ ልቆይ?

መልስ፦ የአካባቢ ተፅዕኖ ሪፖርቱን አሳዩኝ በላቸው። ካላሳዩህ ብርህን ያዝ። ካሳዩህ ደግሞ ፎቶ አንስተህ ለኛም ላክልን፤ እስካሁን ያየው የለም።