ርካሹ ካሊፐር ይበቃል ወይስ ውዱን ልግዛ?

ሰላም። በስሪዲ ፕሪንተር ለሚሠሯቸው ክፍሎች ካሊፐር (የዕቃን ውፍረትና ዲያሜትር የሚለኩበት መሣሪያ) ሊገዙ ነው፤ ርካሹ ይበቃኛል ወይስ ውድ ለሆነው የጃፓን ምርት ለሚቱቶዮ ልክፈል ብለዋል። ለዚህ ሥራ ርካሹ ይበቃል፤ ግን ብረት ይሁን። የፕላስቲኩ መንጋጋ (ሲለኩ ዕቃውን የሚይዘው ክፍል) ትንሽ ሲጫኑት ይለመጣል፤ ገንዘብዎን አያባክኑ።

ስክሪኑ 0.01 ሚሊ ሜትር ስላሳየ ልኬቱ እስከዚያ ድረስ ትክክል ነው ማለት አይደለም። የ150 ሚሊ ሜትር ዲጂታል ካሊፐር ስህተት አብዛኛውን ጊዜ 0.02 ወይም 0.03 ይደርሳል። ለፕሪንተር ሥራ ይህ ምንም አይደለም። ቶርኖ ላይ ብረት መሥራት ከጀመሩ ያኔ ለውዱ መክፈል ያዋጣል።

ዋናው ነገር ሲገዙ መፈተሽ ነው። መንጋጋዎቹን ገጥመው በብርሃን አንጻር ይዩዋቸው። በመሃል ብርሃን ካሾለከ ይተዉት። ዜሮ አድርገው ደጋግመው ከፍተው ይዝጉት፤ ሁሌም ወደ ዜሮ መመለስ አለበት። ከዚያ 608 የሚባለውን ኩሽኔታ ይለኩበት። የውጭ ዲያሜትሩ 22፣ ቀዳዳው 8፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ኩሽኔታ በጣም በጥንቃቄ ስለሚመረት ከእሱ የተሻለ ርካሽ ማመሳከሪያ አላውቅም። ቀዳዳው ላይ ትንሽ ቀንሶ ቢያነብ ግን አይደንግጡ፤ ጠባብ ቀዳዳ ላይ የተለመደ ነው።

ብዙዎቹ ርካሾች ጠፍተውም ባትሪ ይበላሉ። ሳይጠቀሙበት የሚቆይ ከሆነ ባትሪውን ያውጡት። ይሄ ከሰለቸዎት ባለ ቨርኒየሩን፣ ማለትም ስክሪን የሌለውንና ልኬቱ ከተቀረጹት መስመሮች የሚነበበውን ይውሰዱ፤ ባትሪ የሚባል ጣጣ የለውም፣ ንባቡም ቶሎ ይለመዳል።

ሲለኩ ደግሞ አይጫኑት። ዕቃውንም ከመንጋጋው ጫፍ ይልቅ ወደ ሥሩ አስጠግተው ይያዙት።